ቅዳሜ ምዝገባው ያበቃል

ቅዳሜ ያበቃል ምዝገባው ኮሶበር፤
ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር።
«ገስግስን ልጻፈው? አንድ ቁጥርን ለእሱ
ትቼለታለሁኝ፤ ሰዎች እያነሱ
ይጠይቁኛል» አለኝ።
«እነግርሃለሁ» ብዬ ስልኬን ዘጋሁ፣
ከጋጣህ ደጃፍ ላይ ባትሪ ይዤ መጣሁ።

ገብስህ ግማሹ አለ ከገንዳው ሳይነካ፤
አምና ገንዳው ሲያልቅ በኮቴ ስታንኳኳ
የሽመቤት ወጥታ «ይህ ሆዳም!» ብላ ነው
ሌላ ቁና ገብስ የምትጨምረው።
እጄን ከጉልበትህ ቁልቁል ብሰድደው
ጅማትህ ይሞቃል፤ እሳት ዳር የዋለ
ድንጋይ እንደሚሞቅ፣
ከላይ ሳያስታውቅ።

ዳንግላ የነበሩት ጭራህን ነው ያዩት፤
ቻግኒ በሙቀቱ ጎንህን ዝንብ ሞልቶት
አንድ ክንድ ቀደምኸው ያን የጓንጓ ጉራች፤
ቲሊሊ ግን ዘንቦ መሬቷ ራሰች፤
ሁለተኛው ቦይ ላይ የኋላ እግርህ ከዳህ፣
ልንገረው ካንገትህ ተጠምጥሞ፣ ማን ረዳህ?
ቀና ያልኸው ብቻህን። አዲስ ቅዳም ደግሞ
አራተኛ ወጣህ፤ ሕዝቡ ቆሞ ቆሞ
አላጨበጨበም፣ አልሰደበህምም፤
ዝም ማለቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ገበያ የሚሉትን አንተም ሰምተህ ይሆናል፤
«ፈረስ ጋጣ ሲውል እንደ ማጭድ ይዝጋል»
ይላል ከሰል ነጋዴው ቆሞ ካይሱዙው ሥር፤
እሱ ልጓም ቀርቶ ማጭድ ይዞ አያውቅ ነበር።
«ሽጠው» አለኝ ሌላው፣ «ስሙ ሳይበርድበት»፤
ስም ገንፎ ይመስል፣ በትኩስ ለመብላት።

ልንገረው ሃያ አንድ ነው፤ ተበድሮ ከእናቱ
አዲስ ግላስ ገዝቷል፣ ቀይ ነው ጥለቱ።
«አጎቴ፣ አንድ ጊዜ፣ ጥርን ብቻ!» ይላል።
«አንድ ጊዜ ብቻ»ን እኔም አውቀዋለሁ፤
በዚያች አንድ ጊዜ ነው ይህን ዱላ የያዝሁ።

ሐኪሟ ደብሪቱ አስኬደችህ፣ አየች፤
ኮቴህን ጉልበቷ ላይ አቅፋ መረመረች።
«መሮጥስ ይሮጣል» አለች፣ «ልቡ ሙሉ ነው፤
እኔ የማላውቀው ከላይ ሲወርድ ነው።
ሽቅብ ሲነሳማ የቱ ፈረስ አያምር?»
ብላ ሞተሯን ነዳች ወደ ኮሶበር።

ሜዳው ተሰናድቷል፤ ሦስት ቦይ ቆፈሩ፤
ሁለት ካብ ደረደሩ፤ የቀርከሃው አጥሩ
ካምናው ስንዝር ጨምሯል። «ሕዝብ ከፍታ ይወዳል»
ይላሉ። ሕዝብ መቼ ከፍታ ይዘላል?

አንድ ነገር አለ ለማንም ያልነገርሁ።
ትናንት አመሻሽ ላይ ቀርከሃው ዳር ሆኜ አየሁ፤
ከመስክ ስትመለስ ካቡ ፊት ደረስህ፣
ውርንጭላ ሳለህ የዘለልኸው፣ ርስትህ፤
በሩ ክፍት እያለ ሁልጊዜ በላዩ
ስታልፍ የጎረቤት ልጆች ሮጠው እያዩ
የሚስቁበት።
ቆምህ። ጆሮህን ቀሰርህ።
ድንጋዩን አሸተትህ። ጥቂት ጊዜ ቆየህ።
ከዚያ እንደ ሽማግሌ ጥግ ጥጉን ይዘህ
በበሩ ገባህ።

እኔ ዘወር አልሁ፤
ጉድለትህን ያየሁ እንዳይመስልህ ፈራሁ።

ምናልባት ደክሞህ ነው። ምናልባት ከካቡ
እባብ ሸቶህ ይሆናል። ወይ የእኔው ልቤ ነው፣
ሰበብ ሲፈልግ ከርሞ ካቡ ላይ ያገኘው።
ዛሬ ልንገረው መጥቶ ግላሱን ሲያራግፍ
ቃጭሉን ሰምተህ ነቃህ፤ አፍንጫህ ሲነፍፍ፣
ደረትህ በሩን ሲገፋ እኔው ነኝ ያየሁ።
የትናንቱ አንተ ነህ? የዛሬው? አላወቅሁ።

«ገስግስ» ብዬ ስጠራህ ውርንጭላ ሆነህ፣
«ቁም» የሚባል ሌላ ስም አላስቀመጥሁልህ።

ስልኩ ከኪሴ ውስጥ ይኸው ይርገበገባል።
ጸሐፊው ይሆናል። ይደውል፤ ይቆያል።
ቅዳሜ ሩቅ ነው፣ ገና ሐሙስ ነው ገና፤
በመዳፌ ሙሉ ገብስ ይዣለሁ፣ ና፤
መጀመሪያ ብላ።